ጥቁር ድንጋይ በጥቁር ድንጋይ መሀል

ሸዋ ሮቢት ላይ፣ ከሮቢ ወንዝ ብዙ ሳይርቁ፣ በማንጎ ጥላ ሥር ተቀምጠው የሚነጋገሩት ሁለት ሰዎች የጸሐፊው ፈጠራ ናቸው። የሚያነሷቸው ድንጋዮች፣ ዓመቶችና ላብራቶሪዎች ግን እውነተኛ ናቸው። አንደኛው በቀወት ወረዳ ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሁለተኛዋ የእሳቸው ተማሪ የነበረች፣ ዛሬ ውጭ አገር በድንጋይ ውስጥ የታመቀ ጋዝ በሚለካ ላብራቶሪ የምትሠራ ተመራማሪ ናት። መሀላቸው፣ በርጩማ ላይ፣ አንድ የጡጫ ያህል ጥቁር ድንጋይ ተቀምጧል።

መምህሩ፦ ይኸውልሽ ልጄ፣ ይህን ያመጣልኝ ከታች ከቆላው አንድ ገበሬ ነው። ማታ ኮከብ ሲወረወር አየሁ፣ በማግስቱ ማሽላዬ መሀል ይህን አገኘሁ ይላል። ጠቁሯል፤ ከብዷልም። እስቲ ፍረጂ።

ተመራማሪዋ፦ ኮከቡን ማየቱን አምነዋለሁ፣ ጋሼ። ድንጋዩ ግን የዚሁ አገር ነው። እነዚህን ደቃቅ ቀዳዳዎች አዩአቸው? ዓለቱ ቀልጦ ሲፈስ በውስጡ የነበረው ጋዝ አረፋ የሠራባቸው ናቸው። ከሰማይ በሚወርድ ድንጋይ ላይ እንዲህ ያለ ቀዳዳ እጅግ ብርቅ ነው። ደግሞ የሰማይ ድንጋይ አየሩን ሰንጥቆ ሲገባ ላዩ ይቀልጥና ስስ ጥቁር ቅርፊት ይለብሳል፤ ሲሰበር አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ከቅርፊቱ ነጣ ብሎ ይታያል። ይህኛው ቅርፊትም የለው፤ እስከ ውስጡም አንድ ነው። ባዛልት ነው። ከጣርማ በር ገደል ተፈንቅሎ በጎርፍ የወረደ ይመስለኛል።

መምህሩ፦ በዓይንሽ ብቻ ይህን ያህል ካወቅሽ ላብራቶሪው ለምን አስፈለገ?

ተመራማሪዋ፦ ዓይን የሚበቃው ለእንደዚህ ያለው ቀላል ጉዳይ ነው። ዓይን የሚያታልለው ድንጋዩ ከማርስ የመጣ ቢሆን ነው። ማርስም እንደኛ ይፋት የባዛልት አገር ናት፤ ገጿ በአብዛኛው ቀልጦ ፈስሶ የረጋ የእሳተ ገሞራ ዓለት ነው። ከዚያ ተፈንጥሮ የሚመጣው ድንጋይ ቅርፊቱ ከተላጠና አንድ ሁለት ክረምት ከዘነበበት እዚህ መሬት ላይ ካሉት መለየት ጭንቅ ነው። ሰሃራ ላይ እኮ ጥቁር ድንጋይ ከነጣው አሸዋ ላይ ከሩቅ ይታያል። አንታርክቲካ ላይም በረዶው ራሱ ያጋልጠዋል። እኛ ዘንድ ግን ገደሉ ባዛልት፣ የወንዙ ጠጠር ባዛልት፣ የማሳው ካብ ባዛልት። ይፋት ላይ የወደቀ የማርስ ድንጋይ ካለ ምናልባት አንዱ ካብ ውስጥ ተደርድሮ ይሆናል።

መምህሩ፦ ቆይ፣ ቆይ። ወደ ካቡ ከመሄዳችን በፊት አንድ ነገር መልሺልኝ። ማርስ ላይ የወጣ ሰው የለም። ከማርስ ድንጋይ ተጭኖ የመጣም የለም። ታዲያ አንድን ድንጋይ ከመሬት አንስታችሁ “ይህ የማርስ ነው” ስትሉ በምን ወንድ ልብ ነው? ተማሪ እንዲህ ብሎ ቢጽፍልኝ ማስረጃህ የታለ ብዬ ዜሮ ነበር የምሰጠው።

ተመራማሪዋ፦ የሳይንቲስቶቹም ጭቅጭቅ ይኸው ነበር። ከሰማይ የሚወድቁት ድንጋዮች አብዛኞቹ ዕድሜያቸው 4.5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ነው፤ ፀሐይና ፈለኮቿ ሲፈጠሩ የተረፉ ፍርካሾች ናቸው። በሐረርጌ ጉርሱም እ.ኤ.አ. በ1981 የወደቀው፣ ከ34 ኪሎ በላይ የሚመዝነው ድንጋይ ከእነዚህ ወገን ነው። ጥቂቶቹ ግን ከዚህ ሥርዓት የወጡ ሆነው ተገኙ። ፈረንሳይ ሻሲኒ ላይ በ1815፣ ሕንድ ሸርጎቲ ላይ በ1865፣ ግብፅ ነኽላ ላይ በ1911 የወደቁት የእሳተ ገሞራ ዓለት ናቸው፤ የነኽላው 1.3 ቢሊዮን ዓመት፣ የሸርጎቲው ደግሞ 180 ሚሊዮን ዓመት ገደማ። እስቲ ጂኦግራፊውን ራስዎ ይፍረዱት፤ ከ180 ሚሊዮን ዓመት በፊት፣ ማለትም ትናንት በሚባል ጊዜ፣ ቅልጥ ዓለት ሲተፋ የነበረ አካል ምን ዓይነት ነው?

መምህሩ፦ ትልቅ መሆን አለበት። ትንሽ አካል ሙቀቱን ቶሎ ጨርሶ ይበርዳል።

ተመራማሪዋ፦ ዜሮ አይሰጥዎትም። አስትሮይድ የሚባሉት ትናንሽ የሕዋ አለቶች ከበረዱ ቆይተዋል፤ ስለዚህ ጥርጣሬው በፈለክ ላይ ወደቀ። ይህ ግን ጥርጣሬ እንጂ ማስረጃ አልነበረም፤ ማስረጃው የመጣው ከአየር ነው። በ1976 ቫይኪንግ የሚባሉት የአሜሪካ መንኮራኩሮች ማርስ ላይ አርፈው የአገሩን አየር ለኩ። በ1979 በተጀመረው ዘመቻ ደግሞ አንታርክቲካ ውስጥ ኤለፋንት ሞሬይን ከሚባል ቦታ ወደ 8 ኪሎ የሚጠጋ ድንጋይ ተነሣ። በውስጡ እዚህም እዚያም ጥቋቁር የመስታወት ጠብታዎች አሉበት። ማርስን አንድ ግዙፍ አለት ከሰማይ መጥቶ ሲመታት ድንጋዩ በቅጽበት ተጨምቆ በከፊል ቀለጠ፤ በዚያች ቅጽበት በዙሪያው ያለውን አየር ውጦ መስታወት ሆኖ ረጋ። አየሩም እዚያው ታሰረ።

መምህሩ፦ የሌላ ዓለም አየር፣ በጠጠር ውስጥ?

ተመራማሪዋ፦ አዎ፤ እጅግ ጥቂት፣ ግን የሚለካ። በ1983 ዶናልድ ቦጋርድና ፕራት ጆንሰን የሚባሉ ተመራማሪዎች ሂውስተን ባለው የናሳ ማዕከል ያን መስታወት ቫኪዩም ውስጥ አግለው የወጣውን ጋዝ በማስ ስፔክትሮሜትር ለኩ። መሣሪያው አቶሞችን በክብደታቸው እየለየ የሚቆጥር ነው። ከአርጎን ዓይነቶች አንዱ 36፣ ሌላው 40 ክብደት አለው። በእኛ አየር ውስጥ ባለ 40ው ከባለ 36ው 300 እጥፍ ገደማ ይበልጣል። በማርስ አየር ግን ልዩነቱ ከ1,000 እጥፍ ያልፋል። ከመስታወቱ የወጣው ጋዝ ቫይኪንግ ከለካው ጋር ገጠመ። ክሪፕተኑም፣ ዜኖኑም ገጠመ፤ በሌሎች እጅ የተለካው ናይትሮጅንም እንዲሁ። በ2013 ደግሞ ኪዩሪዮሲቲ የሚባለው ሮቦት እዚያው ማርስ ላይ ሆኖ ባለ 36ውን አርጎን ከባለ 38ው ጋር አነጻጸረ፤ 4.2 ሆነ። የምድር 5.3 ነው። ድንጋዮቹ ውስጥ ሲታይ የነበረው የአርጎን ልዩነት በቦታው ላይ ተረጋገጠ ማለት ነው።

መምህሩ፦ መስታወት የሌለውስ? ሁሉም አየር አልዋጠም ይሆናል።

ተመራማሪዋ፦ ለእሱ ኦክስጅን አለ፤ ድንጋይ ግማሽ ያህሉ ኦክስጅን ነው። ኦክስጅን 16፣ 17 እና 18 ክብደት ያለው ሦስት ዓይነት ነው፤ የሦስቱ መጠን እንደየትውልድ ቦታው ይለያያል። የይፋት ሰው አዲስ አበባ ሃያ ዓመት ቢቀመጥም ሁለት ቃል ሲናገር ከየት እንደመጣ ይታወቅ የለም? የማርስ ድንጋይም ሰሃራ ወደቀ፣ በረዶ ላይ ወደቀ፣ የኦክስጅኑ ነገር ወገኖቹን ይመስላል። ስለዚህ አሁን ከ400 በላይ የሚሆኑት የማርስ ድንጋዮች እያንዳንዳቸው የታሰረ አየር እንዲያሳዩ አይጠየቁም። በኦክስጅናቸው፣ በማዕድኖቻቸው ውስጥ ባለው የብረትና የማንጋኒዝ መጠን፣ በዕድሜያቸው ከቤተሰቡ ጋር ይያያዛሉ። ቤተሰቡን ከማርስ ጋር ያሰረው ግን ያ አየር ነው።

መምህሩ፦ አርጎን ስትዪ አንድ ነገር አስታወስሽኝ። እዚህ ቁልቁል፣ አፋር ውስጥ፣ የድንቅነሽን ዕድሜ ያወቁት በአርጎን ነው ብዬ አስተምር ነበር።

ተመራማሪዋ፦ ያው መሣሪያ፣ ያው ዘዴ ነው! በዓለቱ ውስጥ ያለ ባለ 40 ፖታስየም እየተለወጠ ከፊሉ አርጎን ይሆናል፤ ግማሹ እስኪለወጥ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ይፈጃል። ሐዳር ላይ ያለውን የእሳተ ገሞራ አመድ ወስደው፣ ማዕድኑን በሌዘር አቅልጠው፣ የተጠራቀመውን አርጎን ቆጥረው ነው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ናት የተባለው። የሸርጎቲን ቤተሰብ ዕድሜ የሚለኩ ላብራቶሪዎች የአፋርንም አመድ ይለካሉ። ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው ጋሼ። የማርስ ምርምር ከእኛ የራቀ የሀብታም አገር ጨዋታ ነው ሲባል እሰማለሁ፤ የእኛ አመድ ግን ከማርስ ድንጋይ ጎን ለጎን በአንድ ዓይነት መሣሪያ ሲለካ ኖሯል።

መምህሩ፦ እሺ፣ ማርስነቱን ተቀበልኩ። ከዚያ ወዲያስ? ከማርስ መምጣቱን ማወቅ ብቻውን ምን ይጨምራል?

ተመራማሪዋ፦ ከዚያ ወዲያ ነው ጣፋጩ። የነኽላን ድንጋይ እንውሰድ። ከፀጉር የቀጠነ እስኪሆን ተልጎ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ስንጥቆቹ ውስጥ ቡናማ ሸክላ አለ። ሸክላ ያለ ውሃ አይሠራም። ወዲያው አንድ ተቃውሞ ይነሣል።

መምህሩ፦ የግብፅ ውሃ ነዋ! ወድቆ መሬት ላይ ሲቆይ የገባ።

ተመራማሪዋ፦ ልክ ነዎት፤ እንደዚያ ነው የተባለው። መልሱ የተገኘው ጠርዙ ላይ ነው። የሸክላው መስመር ወደ ውጭ እየሄደ ሄዶ አየር ውስጥ ሲቃጠል የተሠራው ቅርፊት ጋ ሲደርስ ይቆረጣል፤ ሙቀቱ ለውጦታል። ቅርፊቱ የተሠራው ደግሞ ሲወድቅ ነው። ስለዚህ ሸክላው ከመውደቁ በፊት ነበረ። ውሃው የማርስ ነው። ይመልከቱ፣ ይህን ለማየት ቢሊዮን ብር አላስፈለገም፤ ቀጭን የድንጋይ ገበታ፣ ማይክሮስኮፕና የሚጠይቅ ሰው ነው ያስፈለገው። ይህንን የሚሠሩ የሥነ ምድር ክፍሎች እኛም አገር አሉ።

መምህሩ፦ ጉዞውስ? ከዚያ እስከዚህ ስንት ጊዜ?

ተመራማሪዋ፦ ድንጋዩ ሕዋ ውስጥ ሲንሳፈፍ የኮስሚክ ጨረር ይደበድበውና አዳዲስ ቀላል ጋዞች በውስጡ ይፈጠራሉ። እነሱን ቆጥሮ ነው የሚታወቀው። የነኽላ ወገኖች ከማርስ የተፈነጠሩት ከ11 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ማርስ ስበቷ ደካማ ነው፤ በሰከንድ 5 ኪሎ ሜትር የተወረወረ ድንጋይ ያመልጣታል። ከምድር ለማምለጥ 11 ያስፈልጋል።

መምህሩ፦ አሁን ወደ ካቡ መልሺኝ። ከባዛልታችን መለየት ካልተቻለ ለይፋት ተስፋ የለውም ማለትሽ ነው?

ተመራማሪዋ፦ ፈልጎ በማግኘት ተስፋው ጠባብ ነው። ሲወድቅ ባየ ሰው ግን ሰፊ ነው። ናይጄሪያ ውስጥ ዛጋሚ ላይ በጥቅምት 1962 አንድ ገበሬ በበቆሎ ማሳው ቁራ ሲያባርር ከባድ ፍንዳታ ሰማ፤ ከእሱ ሦስት ሜትር ያህል ርቆ መሬቱ ተቦደሰ፤ 18 ኪሎ የማርስ ድንጋይ ጉድጓድ ውስጥ ተገኘ። እዚህስ ማሽላ ሲያሽት በየማሳው ማማ ላይ ወንጭፉን ይዞ ከንጋት እስከ ማታ ሰማይ ሰማይ የሚያይ ልጅ አለ አይደል? ከእሱ የተሻለ ታዛቢ የትኛው አገር ነው ያለው?

መምህሩ፦ ሳይንቲስት ግን የወፍ ጠባቂ ቃል ይቀበላል?

ተመራማሪዋ፦ ሞሮኮ ውስጥ ተቀብሏል። ሐምሌ 18 ቀን 2011 እ.ኤ.አ. ሌሊት፣ ቲሲንት በሚባል አካባቢ እሳት ሰማዩን ሲያቋርጥ ዘላኖች አዩ፤ ፍንዳታውንም ሰሙ። ከወራት በኋላ ስብርባሪው ተገኘ። ሐስናእ ሸናዊ የምትባል የካዛብላንካ ሐሰን ሁለተኛ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የዐይን ምስክሮቹን ቃል ሰብስባ፣ ጥናቱን መርታ፣ በ2012 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ አወጣችው። ከላብራቶሪው ውጤት ጋር የዘላኖቹም ምስክርነት አብሮ አለ። ዋጋው የት ላይ ነው መሰለዎት? ሲወድቅ ስለታየና ቶሎ ስለተነሣ የምድር ዝናብና አፈር ብዙ አልነካውም፤ ስለዚህ በውስጡ የተገኘው ነገር የማርስ ነው ብሎ ለመናገር ድፍረት ይሰጣል። የእኛ ክረምት ቢመጣበት ይህ ድፍረት ይጠፋል።

መምህሩ፦ ይህ ነገር እዚህም ሆኗል እኮ፤ በድንጋይ ሳይሆን በመሬት መንቀጥቀጥ። በ1953 ዓ.ም. ግንቦት ላይ እኔ ገና ትንሽ ልጅ ነበርኩ፤ ማጀቴ ፈረሰች፤ ካራቆሬ ላይ ብዙ ቤት ወደቀ፤ የደሴው አስፋልት ተሰነጠቀ። በኋላ ትልቅ ሆኜ ነው ያወቅሁት፤ የአዲስ አበባው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ኃላፊ የነበሩት ፒየር ጉዋን የሚባሉት ካህን ጉዳዩን አጥንተው ጽፈውታል። ስለ ኢትዮጵያ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ በ1979 እ.ኤ.አ. ያወጡት መጽሐፍ በመሣሪያ ብቻ የተሠራ አይደለም፤ ዜና መዋዕልም፣ ያየ የሰማ ሰው ቃልም አለበት።

ተመራማሪዋ፦ እኔ ላስረዳዎት የምለፋውን እርስዎ በአንድ ምሳሌ ጨረሱት። ላብራቶሪ ሥራውን የሚጀምረው መሣሪያው ሲበራ ሳይሆን ያ ልጅ ከማማው ወርዶ ድንጋዩን በነካበት ሰዓት ነው። እዚያ ላይ የተበላሸውን እኔ በምንም መሣሪያ አላስተካክለውም።

መምህሩ፦ ለምሳሌ ምን ያበላሻል? ማግኔት ማስጠጋት ጥሩ ነው ሲባል ሰምቼ ራሴ ለልጆቹ ነግሬያለሁ።

ተመራማሪዋ፦ ለብረት ፍለጋ ቀላል ዘዴ ስለሆነ ብዙ ሰው ይመክረዋል፤ ጉዳቱ ግን ከባድ ነው። “ጥቁር ውበት” የሚሏት 320 ግራም የምትመዝን የማርስ ድንጋይ አለች፤ በ2011 ሞሮኮ ውስጥ ከነጋዴ እጅ የተገዛች። በውስጧ 4.4 ቢሊዮን ዓመት የሚሆናቸው የዚርኮን ቅንጣቶች አሉ። ማርስ ጥንት እንደ ምድር ማግኔታዊ መስክ ነበራት፤ እንዲህ ያለ ያረጀ ድንጋይ ያንን መስክ መዝግቦ ሊይዝ ይችል ነበር። ተመራማሪዎች ሲመረምሩት ግን የመጀመሪያው መዝገብ ተሰርዟል፤ ሰብሳቢዎች ድንጋዩን ሲፈትኑ ባስጠጉት ጠንካራ ማግኔት። አራት ቢሊዮን ዓመት የቆየ ነገር በአንድ ደቂቃ ጠፋ። ይህን ሳስብ ዛሬም ያንገበግበኛል።

መምህሩ፦ ልጆቹን ጠርቼ ቃሌን እቀይራለሁ። ማጠቡስ?

ተመራማሪዋ፦ አይታጠብ፣ በመዶሻ አይሰበር፣ እሳትም አይንካው። በንጹሕ ደረቅ ነገር ይጠቅለልና ደረቅ ቦታ ይቀመጥ። ከማንሳት በፊት ስልክ ካለ ፎቶ፣ ከጎኑ ሳንቲም አድርጎ። ቦታው ደግሞ በትክክል ይያዝ። ቦታው ለምን እንዳሳሰበኝ ልንገርዎት። የሰማይ ድንጋይ ሁሉ ስሙን የሚያገኘው ከወደቀበት ወይም ከተገኘበት ቦታ ነው። ዛጋሚ፣ ነኽላ፣ ቲሲንት፣ ጉርሱም፤ ሁሉም የሰፈር ስም ነው።

መምህሩ፦ የኛስ ጣርማ በር ቢሆን? የሥነ ምድር ሰዎች በደጋው ያለውን አንድ የባዛልት ወገን በስሟ ይጠሩታል።

ተመራማሪዋ፦ ትክክል፤ ስለዚህ እዚህ የወደቀ ድንጋይ ሸዋ ሮቢት ወይም ራሳ ቢባል አዲስ ነገር አይሆንም። ቦታው ሳይታወቅ በነጋዴ እጅ ተዘዋውሮ የወጣ ድንጋይ ግን የሰፈር ስም የለውም፤ ቁጥር ይሰጠዋል። በኅዳር 2023 ኒጀር ውስጥ፣ አጋዴዝ በረሃ፣ 24 ኪሎ ከ670 ግራም የሚመዝን፣ እስካሁን ከተገኙት ሁሉ የሚበልጥ የማርስ ድንጋይ ተነሣ። መጠሪያው “ሰሜን ምዕራብ አፍሪካ 16788” ነው። ሐምሌ 2025 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ላይ በጨረታ ከ5 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠ። የኒጀር መንግሥት እንዴት ወጣ ብሎ ምርመራ የከፈተው ከተሸጠ በኋላ ነው።

መምህሩ፦ ይሄ ነው የሚያስፈራኝ። ስለ ድንጋይ ዋጋ ለገበሬው ከነገርነው ደላላ ይቀድመናል። ካልነገርነው ደግሞ ካብ ውስጥ ይገባል።

ተመራማሪዋ፦ እውነትዎን ነው፤ ቀላል መልስ የለኝም። ጎረቤታችን ሶማሊያ ኤል አሊ ላይ 15 ቶን የሚሆን የብረት ሜቲዮራይት፣ ማለትም ከሰማይ የወደቀ ብረት፣ ነበር። እረኞች ከአያት ቅድመ አያታቸው ጀምሮ ያውቁት ነበር፤ ቢላ ይስሉበታል። በ2022 ካናዳ ውስጥ የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ሰባ ግራም ከሚሆን ቁራጭ ላይ በተፈጥሮ ታይተው የማያውቁ ማዕድናት አገኘ፤ አንደኛው ኤላሊያይት ተብሎ በቦታው ስም ተጠራ። ዋናው ድንጋይ ግን ለሽያጭ ወደ ቻይና መወሰዱ ተዘግቧል። ሰባ ግራሟ ለሳይንስ በቅታለች፤ አሥራ አምስት ቶኑ የሄደው ለሌላ ነገር ነው።

መምህሩ፦ ለምርመራ ስንት ይበቃል? ደንቡ ምን ይላል?

ተመራማሪዋ፦ የሜቲዮራይት ስም የሚያጸድቀው ዓለም አቀፍ ማኅበር የሚጠይቀው የድንጋዩ 20 በመቶ ወይም 20 ግራም፣ ከሁለቱ ያነሰው፣ በታወቀ ተቋም እንዲቀመጥ ነው። ትልቅ ድንጋይ ከሆነ ሃያ ግራም በቂ ነው ማለት ነው። ያ ተቋም አዲስ አበባ ያለ መሆን ይችላል።

መምህሩ፦ እንግዲያው ሃያ ግራም እናበድራለን፤ ቀሪው እዚሁ አገር ይቀመጣል። በዚህ አልደራደርም፤ አንቺም ብትሆኚ።

ተመራማሪዋ፦ እኔም አልጠይቅዎትም። ሃያ ግራሙ ሲመለስ የምርመራው ውጤትም ለገበሬው በሚገባው ቋንቋ መመለስ አለበት።

መምህሩ፦ አንድ ገጽ አዘጋጃለሁ። በአማርኛም፣ በአርጎብኛም፣ በኦሮምኛም። ዓርብ ለመስጊዱ፣ እሑድ ለቤተ ክርስቲያኑ፣ ገበያ ቀን ለቀበሌው እሰጣለሁ። ከየት አቅጣጫ መጣ፣ ድምፅ ሰማህ ወይ፣ በስንት ሰዓት። ምን ቀረ?

ተመራማሪዋ፦ የሰዓቱን ነገር ያጥብቁት። ጅቡቲና ናይሮቢ አጠገብ ጆሮ የማይሰማውን የአየር ሞገድ ቀን ከሌት የሚቀዱ ጣቢያዎች አሉ፤ የተቋቋሙት የኑክሌር ሙከራን ለመቆጣጠር ነው፤ ትልቅ የሰማይ ድንጋይ ሲፈነዳም ይሰሙታል። የልጁ ሰዓት ከነሱ መዝገብ ጋር ከገጠመ የመጣበትን አቅጣጫ ለማጥበብ ይረዳናል። ግን አንድ ሰው “ሁለት ሰዓት ላይ” ብሎ ሲጽፍልኝ፣ በኛ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት የሆነው በፈረንጅ አቆጣጠር ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሆኖ ይነበባል። ስድስት ሰዓት ተሳስተን ሌላ ፍንዳታ እናሳድዳለን።

መምህሩ፦ “ከመግሪብ በኋላ”፣ “ዶሮ ሳይጮህ” ብለው ቢጽፉስ?

ተመራማሪዋ፦ እሱ እንዲያውም ይሻላል፤ ፀሐይ መቼ እንደጠለቀች አስልቼ እደርስበታለሁ።